መርሳ፣ ባቡሩ ጋ

አባቴ ጀብሪል ባቡር የሌለው የባቡር ጣቢያ ጥበቃ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ወሎ ውስጥ፣ ሐራ ላይ የባቡሩ መንገድ ሲሠራ በቀን ሠራተኝነት ገባ፤ ሥራው ሲቀዘቅዝ ለጥበቃ አስቀሩት። ከዚያ በኋላ ካፖርቱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ ሣር የበቀለበትን ሐዲድ ከፍየል ሲጠብቅ ዓመታት አለፉ። ፍየል እኮ ሐዲድ አይበላም ስንለው፣ እስካሁን ያልበላው እኔ ስላለሁ ነው ይለናል።

ተመስገን የሚባል ቀያሽ አንድ ቀን አልጋ ያለው ባቡር በስልኩ አሳየው። ነጭ አንሶላ፣ ትራስ፣ መጋረጃ፤ ሰው ጋደም ብሎ አገር በመስኮት ያልፋል። አባቴ ያን ቀን ቤት የገባው እንደ ሰከረ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። እናቴ ሲቲ ከደሴ አልፋ አታውቅም። ታናሽ እህቷ ናጅዋ ነጋዴ አግብታ ድሬዳዋ ከገባች የልጅ ልጅ አይታለች፤ እህትማማቾቹ ግን ከዚያ ወዲህ በአባቴ ስልክ ከመላቀስ በቀር ተገናኝተው አያውቁም። አባቴ እንግዲህ ሚስቱን በዚያ አልጋ አስተኝቶ እህቷ ደጅ ሊያደርሳት ማለ። ተኝተሽ ነው የምትሄጂው ሲትዬ፣ ስትነቂ ድሬዳዋ ነሽ ይላታል። እሷም ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ለእናቴ ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። የሷ ዘመን ሰዎች ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ልጅ ሳለች መርሳ ላይ የናፍጣ ወፍጮ ሲተከል ድምፁን የሰማው ሁሉ ባቡር አለው፤ ስሙ በዚያው ቀረ፤ ዛሬም እህል የሚያስፈጭ ሰው ባቡር ቤት ደርሼ ልምጣ ይላል። ቀያሾቹ መንደራችን ሲሪንቃ መጥተው ከማሳችሁ ጫፍ ባቡር ያልፋል ሲሏት፣ ወፍጮ ደጇ ድረስ የመጣላት መስሏት እርጎ አጠጥታ፣ መርቃ ሸኘቻቸው። ነገሩ ሲገባት እርጎዬን መልሱ ልትል ምንም አልቀራት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሁለት ባቡር ነበር። ባቡር ከተባለ የመርሳው ወፍጮ ነው፤ «የሱ ባቡር» ከተባለ ያ የማይመጣው ነው።

ባይመጣም ተጣሉበት። ተመስገን ባሳየው ስልክ ላይ አልጋው ተነባብሯልና፣ አባቴ እኔ ከላይ እሆናለሁ፣ አንቺ ከታች ትሆኛለሽ አለ። እናቴ ደግሞ ተሰብሮ ቢወድቅብኝስ አለች። እንግዲያው አንቺ ላይ ሁኚ ሲላት፣ በስተርጅናዬ እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ልታሰፍረኝ ነው ብላ አኮረፈች። በሌለ ባቡር፣ በሌለ አልጋ የተነሣ ጎረቤት የሚያስታርቀው ጠብ ያየሁት እነሱ ቤት ብቻ ነው። ወላጆቼን እወዳቸዋለሁ፤ ግን እንደነሱ የሚያናድደኝ ሰው የለም።

በነሐሴ 2014 ጦርነቱ በቆቦ በኩል እንደገና ተነሣ። አምና ቤታችንን አንለቅም ብለው ቀርተው፣ ወራቱን በር ዘግተው፣ ሽምብራ እየቆረጠሙ፣ ከእኔም ጋር ሳይገናኙ ነው ያሳለፉት። ዘንድሮ ከመጣ ግን በእግሬም ቢሆን ጅማ እደርሳለሁ ብላ እናቴ ምላ ነበር። ወሬው ሲሰማ እሷ ሲሪንቃ ቤቷ ነበረች፤ አባቴ ሐራ ሥራው ላይ። የስልክ መስመሩ ተቋርጧል፤ እሷም የራሷ ስልክ የላትም። እሱ የመጋዘኑን ቁልፍ ለአለቃው ሳያስረክብ አልሄድም ብሎ፣ ፍየል ሊገዛ ሐራ ወጥቶ የነበረውን ጎረቤታችንን ኡበይደላን ላከባት። መልእክቱ አጭር ነበር፤ ቤት እንዳትጠብቀኝ፣ ወደ መርሳ ትውረድ፣ መርሳ ባቡሩ ጋ ትጠብቀኝ።

ኡበይደላ ቃሉን ሳያጎድል አደረሰ። ስነግራት ምንም አልጠየቀችኝም፤ ነጠላዋን አጥብቃ፣ ትንሽ ጤፍ በጆንያ ጠቅልላ፣ በሩን ቆልፋ ወጣች ይላል። እሱ ቤተሰቡን ይዞ ደሴ ገባ። በማግስቱ፣ ከዚያም በማግስቱ ወላጆቼ አለመድረሳቸውን ሲሰማ እኔ ዘንድ መጥቶ ይህንን ሁሉ ነገረኝ።

እኔ ዙልፋ ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቁጡ ነኝ፤ ሲጨንቀኝ ይብስብኛል። ባሌ ዛኪር ይህን ስለሚያውቅ ተይ አትሂጂ ያለኝ አንዴ ብቻ ነው። ወደ ላይ፣ ወደ መርሳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሹፌሩና እኔ ብቻ ነበርን፤ ሰርግ ተጠርተሽ ነው ወይ ብሎ ቀለደብኝ። ወደ ታች የሚመጡት መኪናዎች ጣራቸው ላይ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ ሰው፣ ሰዉ እቅፍ ውስጥ ዶሮ ጭነዋል። ከውርጌሳ በኋላ መንገዱን ሰውና ከብት ሞልቶት በቀስታ ነበር የምንሄደው። በየመስኮቱ የማየው ሽማግሌ ሁሉ አባቴን፣ አሮጊቱ ሁሉ እናቴን ይመስለኝ ነበር።

መርሳ እንደደረስኩ ከማንጎው ማሳ በታች ወዳለው ሐዲድ ሮጥኩ። አባቴ እዚያው ነበር፤ ባላለቀው ጣቢያ ጣራ ሥር፣ ካፖርቱ ዝናብ ጠጥቶ፣ ዱላውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ። ብቻውን ነበር። ከሐራ ሐዲዱን ይዞ በእግሩ መጥቶ፣ እዚያ ሲጠብቅ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ጠይቋል። ሲቲን ያያት የለም።

እኔም ተፈናቃይ ያደረበትን ትምህርት ቤት፣ መስጊዱን፣ መናኸሪያውን አሰስኩ። የለችም። ተመልሼ ምናልባት ከሰው ጋር አልፋ ይሆናል፣ ተነሥ እንሂድ፣ ደሴ እንፈልጋታለን አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ባቡሩ ጋ ብያታለሁ አለ። ከወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ይሰማል፤ ከተማው እየተራገፈ ነው፤ እሱ ግን ባቡሩ ጋ ብያታለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጮህኩበት። ይህ ሐዲድ ማንን አድኖ ያውቃል አልኩት፤ ሌላም ዛሬ የማልደግመው ነገር አልኩት።

«አንቺ ሂጂ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ልጆች አሉሽ።»

«ትመጣለች ብለህ ነው?»

በሐዲዱ ድንጋዮች መካከል የበቀለውን ሣር በጣቶቹ እየነቀለ ጎን ለጎን ይደረድር ጀመር። ግትርነት መሰለኝ።

ሳይበላ እንደዋለ ፊቱ ይናገር ስለነበር የሚቀመስ ልፈልግለት ወደ ከተማው ወጣሁ። ሱቁ ሁሉ ዘግቷል። ማሚቴ የምትባል ዳቦ ሻጭ ብቻ ባዶ ቅርጫቷን ታጥፋለች። ዳቦ እንዳላት ጠየቅኋት።

«ዳቦማ አልቋል እቴ» አለችኝ። «ዱቄት ኸፈለግሽ ባቡሩ ጋ ሂጂ፤ ዛሬም ይፈጫል።»

ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ጫማዬ አንደኛው ጭቃ ውስጥ እስኪቀር ሮጥኩ።

የንጉሴ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ሰው ለስንቅ ሊያስፈጭ ተጋፍቷል። ከሞተሩ ድምፅ በላይ አንዲት አሮጊት፣ አንተ ባለ ጆንያ ኸኋላ ነው የመጣኸው፣ ወደ ኋላህ ተመለስ እያለች ታዛለች። ፀጉሯ፣ ቅንድቧ፣ ነጠላዋ ዱቄት ለብሷል። እናቴ መሆኗን ያወቅኋት በድምጿ ነው። እማዬ ብዬ ስጣራ ባለ ወፍጮው ንጉሴ ቀድሟት ደረሰ፤ እናትሽ ናቸው ወይ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ወረፋ ያስከብሩልኛል፣ እሳቸው ባይኖሩ ሰዉ ተፋጅቶ ነበር፣ ማታ ማታ እኛ ዘንድ ያድራሉ፣ ባለቤቴ ይመጣል፣ ኸዚህ አልንቀሳቀስም ብለውን ነው አለኝ።

እናቴ ስታየኝ ሰላምታ አላስቀደመችም።

«መጣ?» አለችኝ።

አባ ሐዲዱ ጋ ነው፣ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቅሻል አልኳት። ዱቄት የሞላ ጆንያ ላይ ዝርፍጥ አለች። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ እያለች መሬቱን በእጇ ትዳብስ ነበር። እኔ ግን ድንጋጤዬ ሲለቀኝ ቁጣዬ መጣ። ባቡርና ባቡር መለየት አቅቶሽ ባልሽን ልትገድዪው ነበር እኮ፣ ሐዲዱ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል፣ ሰው አይጠየቅም ወይ እያልኩ በሰው ፊት ወረድኩባት። ሁልጊዜ ለአንድ ቃሌ አሥር የምትመልሰው እናቴ ያን ቀን አቀረቀረች።

«አሮጊት አይደለሁ ልጄ» አለች። «ተሳሳትሁ።»

ወደ ሐዲዱ ስንወርድ አባቴ ከሩቅ አየንና ብድግ አለ። አልተቃቀፉም፤ የሲሪንቃ ሽማግሌና አሮጊት በልጃቸው ፊት አይተቃቀፉም። ዱቄት የነካውን ፊቷን ትክ ብሎ አየና አስፈጭተሽ መጣሽ አላት። ለስንቅ ብዬ አለችው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ከጣራው በሚወርደው የዝናብ ውኃ ፊቱን ይታጠብ ጀመር። የሚታጠብ ሰው ያን ያህል አይቆይም። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ንጉሴ ራሱ በመጨረሻው የጭነት መኪና ላይ ቦታ አገኘልንና ደሴ ገባን። እዚያ ታሪኩ የሰፈሩ ሳቅ ሆነ። ማን ቢመጣ እኔ ነኝ የማወራው። ወላጆቼ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ስም፣ በሁለት ቦታ ተቀምጠው ሲጠባበቁ፤ አንዱ የፍየል ጠላት ሆኖ፣ አንዷ የወረፋ አለቃ ሆና። የኡበይደላን ድምፅ አስመስላለሁ፤ የንጉሴን እጨምራለሁ። እናቴ አፏን በሻሿ ሸፍና አብራ ትስቃለች። ተረቡን ስለለመደችው ሰው ሲበዛ እሷው ትጠራኛለች፤ ነይ ያንን የባቡሩን አውሪላቸው ትለኛለች።

መስከረም ላይ ጦርነቱ ገና አልበረደም ነበር። ደሴም በየቀኑ ወሬ ይናፈስባታል። ናጅዋ ከድሬዳዋ እየደወለች ላኩልኝ፣ እህቴን ላኩልኝ ብላ አስጨነቀችን። አባቴ እሄዳለሁ፣ ግን አልጋ ባለው ባቡር ካልሆነ አልነቃነቅም አለ። አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ፣ በየኬላው መታወቂያ እያሳየን ወረድን፤ አንድ ማለዳ የድሬዳዋው ባቡር ከሚነሣበት ለቡ ጣቢያ ቆመን ተገኘን። እኔ ልሸኛቸው ነበር የሄድኩት፤ ባቡሩን ሳይ እኔም ተሳፈርኩ።

ትኬት የምታየዋን ልጅ አባቴ እኔም የባቡር ሰው ነኝ አላት። እንኳን ደህና መጡ አባባ፣ ታዲያ ለራስዎ ቤት ትኬት ምን ያደርግልዎታል ብላ እጁን ይዛ አስገባችው። ለሳምንት ያህል ይህንኑ ነው ያወራው። ውስጡ ተመስገን ባሳየው ስልክ ላይ እንደነበረው ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ በአንድ ክፍል ስድስት አልጋ፣ ሦስቱ በዚህ፣ ሦስቱ በዚያ ተነባብረዋል። እናቴ ባቡሩ ቀን እንደሚሄድ ስትረዳ ተቆጣች። በቀን የሚተኛ በሽተኛ ነው አለች። ቢሆንም ጫማዋን አውልቃ የታችኛው አልጋ ላይ ሐኪም እንዳዘዘው ሰው ቀጥ ብላ ተጋደመች። አባቴ ካፖርቱን ሳያወልቅ ከሷ በላይ ካለው ወጣ። እኔ ከሁሉም በላይ ጣራው ሥር ሆንኩ። ፊት ለፊታችን ቡርቱካን የምትባል፣ ጨርቅ የምትነግድ የድሬዳዋ ሴት ነበረች፤ ሌሎቹ አልጋዎች ባዶ ናቸው።

ባቡሩ ሲነሣ አባቴ የግድግዳውን ብረት በመዳፉ ይነካካ ነበር። እናቴ ደህና ነህ ወይ ትለዋለች ከታች፤ ደህና ነኝ፣ አንቺስ ይላታል ከላይ። አንዳቸው ዝም ካለ ሌላው ይጠይቃል። ቡርቱካን ሙሽሮች ናቸው እንዴ ብላ ሳቀች። እኔ ምን ጠብቄ፤ ከመርሳ ጀምሬ እስከ ዱቄቱ ዘረገፍኩላት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የድሬ ሰው ነችና ሳቋም ልቧም ሰፊ ነው፤ ሙዝና ኩኪስ አውጥታ አበላችን፤ እማማ እርስዎ እንግዲህ ዛሬ ሁለቱንም ባቡር አወቁ አለቻት። ናዝሬትን ስናልፍ ሴትዮዋ ሸማዋን ተከናንባ ተኛች። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።

አዋሽ ስንደርስ ባቡሩ ቆመ፤ ዓይኔን ገለጥኩ። አባቴ ወርዶ እናቴ እግር ሥር ተቀመጠና በመስኮቱ ጣቱን ቀሰረ። ከኛ ሐዲድ ተለይቶ ወደ ሰሜን የሚታጠፍ ሌላ ሐዲድ ነበር፤ ዳሩ ላይ ሣር በቅሏል።

«ይኼ የኛው ነው» አላት። «ይኼን ተከትለሽ ብትሄጂ ሐራ ነሽ። እኔ ያን ጫፉን ነው የያዝኩት።»

እናቴ ቀና ብላ ተቀመጠች። ባቡሩ ተነሥቶ ሐዲዱ ከዓይን እስኪጠፋ አንገቷን አዙራ አየችው።

«ጀብሪል» አለችው። በዕድሜዬ አንተ ሰውዬ ስትለው እንጂ በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። «ኡበይደላ ባቡሩ ጋ ብሎሻል ሲለኝ ያንተን ባቡር ማለትህ እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል።»

አባቴ ከመስኮቱ ወደ እሷ ዞረ። እኔ ጣራው ሥር በክርኔ ተደግፌ ጆሮዬን ሰጠሁ።

«ኸሐዲዱ ሄጄ ባጣህስ? ያልኸኝ ቦታ ሄጄ ኸሌለህ ሞተሃል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ባቡር ቤት ስቀመጥ ግን ሲነጋም ሲመሽም፣ እሱ እኮ ሐዲዱ ጋ ሆኖ እየጠበቀኝ ነው እላለሁ። ተነሥቼ መስጊዱ ድረስ ሄጃለሁ፤ እግሬ እምቢ አለኝ፤ ተመለስሁ። ሳላይ ብቆይ ትኖርልኛለህ ብዬ ነው።»

ቁጣዬ እንደልማዱ መጣ። ያ ሁሉ ዝናብ፣ ያ ሁሉ መድፍ፣ እሱ ደግሞ ጾሙን። እሷ አውቃ! ልናገር ብድግ ስል ጭንቅላቴ ጣራው ላይ ተጋጨ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

«እኔ ሞታለች ብዬ ነበር» አለ አባቴ። ድምፁ ውስጥ ወቀሳ የለበትም። «ገና የመጀመሪያው ቀን ሲመሽ ነው ያልሁት። ሲቲ ካልኋት ቦታ የምትቀር ሴት አይደለችም፤ ካልመጣች የለችም አልሁ። ለዙልፋ አልነገርኋትም እንጂ በልቤ ቀብሬሽ ነበር።»

እናቴ እጁን ያዘችው።

«ኸሞትሁ ታዲያ ምን ትጠብቅ ነበር?»

አባቴ መስኮቱን አየ፤ ካፖርቱን አየ።

«እኔ እንጃ ሲትዬ» አላት። «ጥበቃ ሥራዬ አይደል?»

እናቴ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ቡርቱካን እንዳትነቃ ሻሿን አፏ ውስጥ ወተፈች። እሷም ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ በጠባቡ አልጋ ላይ ቦታ ለቀቀችለት፤ እሱም ከነካፖርቱ ጎኗ ጋደም አለ። ልጃቸው ከላይ እንዳለሁ ረስተውኝ ይሁን፣ ወይም አስታውሰውኝ ግድ ሳይሰጣቸው ቀርቶ፣ አላውቅም። ፊቴን አዞርኩላቸው። ድሬዳዋ ደርሰን ናጅዋ እየሮጠች መጥታ እህቷን አቅፋ አልቅሳ ስታበቃ፣ ያንን የባቡሩን ነገር እስቲ አውሪኝ አለችኝ፤ ደክሞኛል ብዬ ሻንጣውን ተሸከምኩ።